የጂንካው ፎቶ ኮፒ ምን በላ?

ፎቶ ኮፒ ላይ የተመደብኩ ቀን መጀመሪያ የጨበጥኩት ማሽን ሳይሆን አካፋ ነው። ማሽኑን ከአዲስ አበባ የጫነው መኪና የወይጦን ወንዝ ተሻግሮ፣ ያን ሁሉ ኮረኮንች ጨርሶ፣ መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ሲደርስ ጭቃ ዋጠው። ኃላፊያችን ጓድ ደምሴ በረንዳ ላይ ቆመው፣ «አንተ፣ ማባዣው ላይ የምትሠራው ዮሴፍ አይደለህ? ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ያንተ ነው፤ በል አውጣው!» አሉኝ። ጭቃ ስዝቅ ዋልኩ። ማሽኑን ያየሁት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ እሱንም በሣጥን እንደታሸገ።

እስከዚያ ቀን ድረስ የስቴንስል ማባዣ ኦፕሬተር ነበርኩ። ጸሐፊዋ በታይፕ የመታችውን ስቴንስል እዘረጋለሁ፣ እጀታውን አዞራለሁ፣ እስከ ክርኔ ቀለም እለወሳለሁ። ፎቶ ኮፒው ሲመጣ ማባዣው ካንጋተን ላለው ቢሯችን ተላከ። ደስ አለኝ፤ ቀለሙ ከጥፍሬ ሥር የለቀቀኝ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ዘመኑ የደርግ ማምሻ ነው። ጓድ ደምሴም እውነተኛ ስማቸው አይደለም። ልጆቻቸው ዛሬም ጂንካ አሉ፣ መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል፤ ከሰው ጋር መቀያየም ደግሞ አልወድም።

ማሽኑን የሚተክል ባለሙያ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። አቶ ግርማ ይባላል። የጂንካን አውሮፕላን ማረፊያ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከተማው መሃል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነው፣ ከብት ይውልበታል፣ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱ ይባረራል። አቶ ግርማ ይህን አይቶ ገና ድንጋጤው ሳይለቀው ነው ማሠልጠን የጀመረው። «ስማ ዮሴፍ፣ ይሄ ማሽን የሚጠላው አቧራ፣ እርጥበትና የሚቸኩል ሰው ነው» አለኝ። «ሁሉም እዚህ ሞልተውልዎታል» አልኩት። ሳቀ። ቀጥሎ አውሮፕላን እስኪመጣ ድረስ ያለውን ጊዜ ተጠቅሞ፣ ካቻቪቴ አስጨብጦ ማሽኑን አስፈታኝ፣ አስገጠመኝ። ሲሄድ አንድ ጠርሙስ ስፒሪት ሰጠኝና፣ «ወረቀት የሚስቡትን ጎማዎች በዚህ ብቻ ጥረግ። ቤንዚን እንዳታስነካ፣ ጎማውን ይበላዋል» ብሎኝ ሄደ።

የመጀመሪያው ጣጣ መብራት ነበር። የከተማው መብራት ለማታ ብቻ ስለነበር የምንሠራው በመሥሪያ ቤቱ ጀነሬተር ነው። ጀነሬተሩ ሲያስነጥሰው ማሽኑ ይታመማል። ስለዚህ ጀነሬተሩ ተነሥቶ ድምፁ እስኪረጋ እጠብቃለሁ፣ ቀጥሎ ኃይሉን የሚያረጋውን ስታቢላይዘር አበራለሁ፣ መርፌው መሃል ላይ ሲቆም ማሽኑን፤ እስኪሞቅ ደግሞ ሌላ ጥበቃ። ጓድ ደምሴ በር ላይ ቆመው ይቁነጠነጣሉ። «ለአንዲት ገጽ ይሄ ሁሉ ቅዳሴ!» ይሉኛል። እኔ ጴንጤ መሆኔን ስለሚያውቁ ነው ቅዳሴ የሚሉት።

ሁለተኛው ጣጣ ዝናብ ነው። የጂንካ ዝናብ ቤት ውስጥ ያለ ወረቀት ያረጥባል። የረጠበ ወረቀት ተቃቅፎ ይገባና መሃል ላይ ይታጨቃል። ሰው ሁሉ ያን ጊዜ ጫፉን ይዞ ወደ ኋላ መሳብ ይወዳል። አትሳቡ! አጥፉ፣ ጎኑን ክፈቱ፣ ወረቀቱ ይሄድ በነበረበት አቅጣጫ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ጥፍር የምታህል ቁራጭ ውስጥ ከቀረች ቀኑን ሙሉ ታስለቅሳችኋለች። እኔ ወረቀቱን እስከምጠቀምበት ድረስ ከማሸጊያው አላወጣም ነበር፤ ሳስገባ ደግሞ እንደ ካርታ አራግፌ፣ አናፍሼ ነው።

ኮፒው ላይ ጥቁር ነጥብ ከወጣ መስተዋቱን ጥረጉ፤ ዘጠና ከመቶው... እንዲያው በአብዛኛው የሰው ጣት ነው። ከላይ እስከ ታች የወረደ መስመር ከሆነ ግን ምስሉን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ድራም ተጭሯል ማለት ነው፣ እሱን እግዜር ይርዳችሁ። ፎቶ ግራፍ ሲመጣ ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ። አንድ ጊዜ ከካንጋተን የመጣ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ጉርድ ፎቶውን ኮፒ አድርግልኝ አለ። የወጣው ኮት የለበሰ ጥላሸት ነው። ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ «ማሽኑ እኛን አያውቅም እንዴ?» አለኝ። ቀለሙን ቀንሼ ስደግመው ቢያንስ ዓይኑ ወጣ። «እ፣ አሁን ተዋወቅን» ብሎ ሄደ።

ቶነሩን፣ ያን ጥቁር ዱቄት ማለቴ ነው፣ ልብሳችሁ ላይ ካፈሰሳችሁ አራግፉና በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ። ባለቤቴ የሠርጌን ሸሚዝ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋው ዱቄቱ እንደ ማኅተም ተመትቶ ቀረ። «ማሽንህን አግባ!» አለችኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከነገርኳችሁ በኋላ ወደ ማርታ ልምጣ።

ማርታ የመሥሪያ ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። የበና ሴት ናት፣ ከካኮ ነው የመጣችው፤ ማርታ የሚለውን ስም ያገኘችው ስታምን ነው። ባሏ ሞቶ ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ «አንቱ» የሚባል ነገር አይመጣላትም፤ ጓድ ደምሴንም «አንተ» ነው የምትላቸው። ፀጉሯን በካኮ ቅቤ ስለምትቀባ ከመምጣቷ በፊት ሽታዋ ይመጣል። ጸሎት የምናደርገውም አንድ ቤት ነበር። ያኔ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር በየሰው ቤት ተደብቀን ነው የምንሰበሰበው።

በዚያ ሰሞን ማርታ በጓድ ደምሴ ክፉ ዓይን ውስጥ ገብታ ነበር። ትልቁ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ ጠፋ። የት እንደሄደ እሷም አታውቅም፤ ጓድ ደምሴ ግን ታውቃለች ባይ ናቸው። «አንድ ጥፋት ብቻ ላግኝባት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። ከአርቦሬ እስከ ካንጋተን የገበሬ ማኅበር ሊቃነ መናብርት መጥተዋል፤ ከማዕከል ደግሞ አንድ ትልቅ ባለ ሥልጣን በአውሮፕላን ይገባል። ለስብሰባው የሚታደለው መመሪያ በተሰብሳቢው ልክ እንዲባዛ ተነግሮኛል። ጀነሬተር አስነሣሁ፣ ስታቢላይዘር፣ ማሽን። አዝራሩን ተጫንኩ። ወረቀት የሚስበው ጎማ ዞረ፣ ዞረ፣ ወረቀቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ደግሜ ተጫንኩ። አንዷን በእጄ ገፍቼ ሳስገባት መሃሏ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ታትሞባት ወጣች። ወረቀት መያዣውን ሳወጣ ጉንዳን ተሰልፎ ይገባል፣ ይወጣል። ጉንዳን ማሽን ውስጥ ምን ይሠራል?

ጓድ ደምሴ መጡ። ጉንዳኑን አላዩም፤ ያዩት የቆመውን ማሽን ነው። «አርብ ሲሠራ አልነበረም?»
«ሲሠራ ነበር ጓድ፤ ጎማው ትንሽ ደረቅ ብሎ ያንሸራትት ነበር እንጂ...»
«ቅዳሜ እዚህ ማን ገባ?»
 ቁልፍ ያለን እኔና ማርታ ብቻ መሆናችንን ያውቃሉ።
«አሻጥር ነው!» አሉ። «ልጇን አስኮበለለች፤ አሁን ደግሞ ማሽን! እንግዳው ሳይገባ ካልሠራ ፖሊስ ጣቢያ ነው የምትሄደው።»

የዛሬ ልጆች «አሻጥር» ስትባሉ ትስቁ ይሆናል። ያኔ አያስቅም። በዚያች ቃል የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። ማርታን ጠርተው ዘበኛ አቆሙባት። «እኔ አልነካሁም! አንተ ጓድ፣ አልነካሁም!» ትላለች።  አንጀቴን በላችው።

«ጓድ፣ ሰው ሲበዛብኝ ብሎን ይጠፋብኛል፤ እሷ ባትሪ ትያዝልኝና ሌላው ይውጣ» አልኳቸው። እያጉረመረሙ ወጡ። ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ። እኔ አሪ ነኝ፤ ግን ገበያ ለገበያ ያደግሁ ስለሆንኩ በና እሰማለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ በቋንቋዋ ጠየቅኋት።
«ማርታ፣ ምን አደረግሽው?»
«አልነካሁም።»
«እሺ፣ አንቺን አልጠይቅም። ማሽኑ ታሞብኛል። ሐኪም በሽተኛው ምን እንደበላ ሳያውቅ መድኃኒት አይሰጥም። ይሄ ማሽን ምን በላ?»
ወደ በሩ አየች። ወደ እኔ አየች።
«ለሱ አትነግርም?»
«ለሱ ብነግር ጌታ ይፍረድብኝ።»
«ቅቤ» አለች።

«ቅቤ?» አልኳት። እሷ ግን ከፈራችው በላይ ተቆጣች። «አንተ ራስህ ነህ! አርብ ዕለት ጎማው ደርቋል፣ ተሰነጣጥቋል እያልክ ስታማርር አልነበር? ጠፍር ሲደርቅ ምን ይደረጋል? ቁርበት ሲደርቅስ? ቅቤ ነው የሚቀባው! ጥሩውን፣ የካኮውን ነው የቀባሁት። ለራሴ ያመጣሁትን!» አለች።

እናቴም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር። እኛ አገር ደረቅ ነገር ሁሉ፣ ቅልም ሆነ ቁርበት፣ ራስም ሆነ እግር፣ በቅቤ ነው የሚድነው። ሽታውም ጠዋት አፍንጫዬ ገብቶ ነበር፤ የማርታ ፀጉር ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሳቄ መጣ። አፌን አፍኜ ሳቅሁ፣ እሷም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ያን ጊዜ ግማሹ ሸክም ከላዬ ወረደ፤ የተቆረጠ ሽቦ የለም፣ የተሰበረ የማሽን ጥርስ የለም፣ ቅቤ ብቻ ነው። ቅቤ ይጠረጋል።

በምን ይጠረጋል? የአቶ ግርማ ስፒሪት ካለቀ ቆይቷል። ክሊኒክ ሮጥኩ፤ ለቁስል የሚሆን ራሱ የለም አሉኝ። ቤንዚን ጎማውን ይበላዋል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ እሱም ወደ ወይዘሮ ብርቄ አረቄ ቤት ይወስዳል። አረቄ ቤቱ ገበያው ዳር ነው። ፊት ለፊቱ ደግሞ የጸሎታችን ሽማግሌ የአቶ ጴጥሮስ ሱቅ አለ። እኔ ጸሎት መሪ ነኝ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በጠራራ ፀሐይ ገባሁ።

ወይዘሮ ብርቄ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ዮሴፍ! ጌታን ካድከው?»
«ዳግም አረቄ አለሽ? ጠንካራውን፤ ለማሽን ነው።»
«አንዱ ለጥርሴ ይለኛል፣ አንዱ ለሆዴ ይለኛል፤ ለማሽን ያለኝ ዛሬ አንተን አየሁ» አለች። ክብሪት ጭራ ጠብታውን አቀጣጠለችልኝ። ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። «ይኸው፣ ማሽንህ ይጥገብ!»

ጠርሙሱን ኮቴ ውስጥ ሸሽጌ ስወጣ አቶ ጴጥሮስ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመዋል። ሰላም አልኳቸው። አልመለሱልኝም።

ጎማዎቹን በካቻቪቴ ፈታሁ። ማርታ ጨርቅ በአረቄ ትነክራለች፣ እኔ እጠርጋለሁ። ጨርቁ ቅቤ ይዞ ይመጣል፣ ሌላ ጨርቅ። ቅቤው ሲለቅ የጎማውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጌ አሻከርኩት፤ ሳይሻክር ወረቀት አይቆነጥጥም። ጉንዳኑን አራገፍን። ቅቤ የነካውን ወረቀት አውጥተን አዲስ አስገባን። ይህን ስናደርግ አውሮፕላኑ ከሰማይ ተሰማ።

ማርታ ጨርቁን ለቀቀችው። «መጣ» አለች። በመስኮት ሳይ ሜዳው ላይ ገና ከብት አለ። ሰው እየሮጠ ያባርራል፣ ከብቱ ደግሞ በዚያ ቀን እልኸኛ ሆኗል፤ አንዱን ወገን ሲያስወጡት ሌላው ይገባል። አውሮፕላኑ ዞረ። አንድ ጊዜ ዞሮ ተመልሶ፣ አሁንም ዞረ። በሕይወቴ ለከብት እንደዚያ ቀን ጸልዬ አላውቅም።

ጎማውን ገጠምኩ። አዝራሩን ተጫንኩ። የመጀመሪያዋ ወረቀት ትንሽ አንሸራተተችና ቆመች።  ሁለተኛ ተጫንኩ። ጎማው ቆንጠጥ አድርጎ ያዛት፣ ሳባት፣ ወዲያ ማዶ ወጣች። ንጹሕ፣ ጥርት ያለች ገጽ! እፎይ! ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ማርታ ወረቀቷን ሙቀቷ ሳይለቃት ጉንጯ ላይ አስደግፋ አለቀሰች።

ማሽኑ ሲግል ግን የተረፈው ቅቤ መነጠር ጀመረ። ጓድ ደምሴ ገቡ። ወደ ግራ አሸተቱ፣ ወደ ቀኝ አሸተቱ። «እዚህ ወጥ ትሠራላችሁ እንዴ?» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ቀረቡና፣ «አንተ! ጠጥተሃል?»
«ማጽጃ ነው ጓድ፤ ስፒሪት ስላጣሁ በአረቄ ጠረግሁት።»
«ምን ሆኖ ነው የቆመው?»
«ጎማው ደርቆ ነበር ጓድ። አሁን ተስተካክሏል።»
«አሻጥር አይደለም?»
«አሻጥረኛ ቢሆን ሽቦ ይቆርጥ ነበር። ይኸው ሁሉም አለ፤ ይዩት።»
የሚወጡትን ገጾች አዩ። ማርታን አዩ። ከውጭ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ፤ እንግዳው ወርደዋል። «በይ ምን ትገተሪያለሽ፣ ለስብሰባው ሻይ አፍዪ!» አሏት። ዘበኛውንም በእጃቸው አሰናበቱት። ከዚያ ወዲህ ስትሰደብ እንደዚያ ደስ ያላት ሰው አላየሁም።

ጉዳዩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው የጸሎት ቀን፣ ቤት ዘግተን እንደተቀመጥን፣ አቶ ጴጥሮስ ተነሡ። «ወንድም ዮሴፍ አረቄ ቤት ታይቷል። ጠርሙስ ሸሽጎ ሲወጣ ያየሁት እኔው ነኝ። ምን ይላል?»
«ለማሽን ነው» አልኩ።
«ማሽን አረቄ ይጠጣል?»
ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ የሚል አልነበረም። ከዚያ በላይ ብናገር የማርታ ነገር ይወጣል። በዚያ ክፍል ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ሞልቷል፤ የጓድ ደምሴ የቤት ሠራተኛ ሳትቀር አለች። ቃል ሰጥቻለሁ። አጎነበስኩ። «ከአገልግሎት ብታግዱኝ እቀበላለሁ» አልኩ። ባለቤቴ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ፤ እሷም አታውቅም።

ማርታ ከኋላ ተነሣች። በዓይኔ «ተቀመጪ» አልኳት። አልሰማችኝም።
«እኔ ነኝ» አለች በዚያ በገበያ አማርኛዋ። «ማሽን ደረቀ፤ እኔ ቅቤ ቀባሁ። ማሽን ቆመ። ጓድ ሊያስረኝ ነበር። ዮሴፍ ቅቤውን በአረቄ አጠበና እኔን አወጣኝ። እሱን ከከሰሳችሁ እኔንም ለጓድ ንገሩ።» ተቀመጠች።

 እኔ በበኩሌ አለቀላት አልኩ። ጂንካ ከተማ ውስጥ የተነገረ ነገር ካኮ ገበያ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም። አቶ ጴጥሮስ አንገታቸውን ደፉ። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሲስቁ ነው! «ቅቤ!» አሉ፤ «የካኮ ቅቤ! ለፎቶ ኮፒ!» ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይያዝ። ሕፃን ዐዋቂው፣ የጓድ ደምሴ ሠራተኛም ጭምር፣ አፉን በነጠላው እያፈነ ሳቀ፤ ድምፃችን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው የታፈነው። ሳቁ ሲያበቃ አቶ ጴጥሮስ እጃቸውን አንሥተው፣ «ይህ ነገር ከዚህ በር አይወጣም» አሉ። አልወጣም። ጓድ ደምሴ ከጂንካ እስከተነሡበት ቀን ድረስ ምንም አልሰሙም። የማርታም ልጅ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በእግሩ ተመልሶ መጣ፤ እናቱ በር እስከከፈተችለት ቀን ድረስ ከሥራዋ አልተባረረችም፣ ደመወዟም አልተቋረጠም።

ከዚያ በኋላ በብዙ ማሽን ላይ ሠርቻለሁ፤ ቀለም የሚያወጣም፣ ራሱ የሚያጥፍም አይቻለሁ። ለእናንተ ለወጣት ኦፕሬተሮች የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ማሽን ሲቆም የነካውን ሰው አታስፈራሩ። የፈራ ሰው ያደረገውን አይነግራችሁም፤ ካልነገራችሁ ደግሞ አትጠግኑትም።